ስልኬን የመክፈት ሥልጣን የማን ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምናስተናግዳቸው አምስቱም ደብዳቤዎች ከጎንደር የተላኩ ናቸው። ጸሐፊዎቹ በዕድሜም በሥራም የማይገናኙ ሰዎች ቢሆኑም፣ ሁሉም የሚጠይቁት መንግሥት የዜጎችን ግንኙነትና እንቅስቃሴ ስለሚከታተልበት ሥልጣን፣ የዚህን ሥልጣን ዳርቻ ስለሚወስነው ሕግና ክትትሉ በኑሯቸው ላይ ስላሳደረው ጫና ነው። ስማቸውን ያልጻፍነው ራሳቸው ስለ ጠየቁን ነው።

ጥያቄ፦ ነጋዴ ነኝ፤ በሥራዬ ምክንያት ከጎንደር ወደ ባሕር ዳርና ወደ መተማ እመላለሳለሁ። በቅርቡ በአንድ ኬላ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ከመኪና ወርዶ መታወቂያው ከታየ በኋላ ስልኩን ከፍቶ እንዲሰጥ ታዘዘ። ፈታሹ ፎቶዎቼን አንድ በአንድ አየ፤ የቴሌግራም መልእክቶቼን፣ ከባለቤቴ ጋር የተጻጻፍኩትን ሳይቀር አነበበ። ምንም አላገኘብኝም፤ ስልኬን መልሶልኝ ጉዞዬን ቀጠልኩ። ነገር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ውስጤ አልረጋም። ሕጉ ይህን ይፈቅዳል? እምቢ ብልስ ኖሮ? (ከአዘዞ)

መልስ፦ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 26 የማንኛውም ሰው መኖሪያ ቤት፣ ሰውነትና ንብረት ያለ አግባብ እንዳይመረመር ይከለክላል። የዚሁ አንቀጽ ንዑስ አንቀጽ 2 ደግሞ ሰው በግሉ የሚጽፋቸውና የሚጻጻፋቸው፣ በፖስታ የሚልካቸው፣ በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች የሚለዋወጣቸው ግንኙነቶች እንደማይደፈሩ በግልጽ ይደነግጋል። መብቱ ፍጹም አይደለም፤ ሊገደብ ይችላል። ሊገደብ የሚችለው ግን አስገዳጅ ሁኔታ ሲፈጠር፣ እንደ ብሔራዊ ደኅንነት፣ እንደ ሕዝብ ሰላምና እንደ ወንጀል መከላከል ያሉትን ዓላማዎች ለማሳካት አስቀድሞ በወጣ ዝርዝር ሕግ መሠረት ብቻ ነው። ስለዚህ ስልክዎን የተቀበለዎት ሰው «ለጸጥታ ሲባል ነው» ማለቱ ብቻውን በቂ አይሆንም፤ የትኛው ሕግ፣ ለየትኛው ባለሥልጣን፣ በምን ሁኔታ ይህን ሥልጣን እንደ ሰጠ ሊታወቅ ይገባል።

በኬላ ላይ ሻንጣና የመኪና ዕቃ የሚፈተሸው የጦር መሣሪያ ወይም የኮንትሮባንድ ዕቃ እንዳያልፍ ነው፤ ይህን አብዛኛው መንገደኛ ያለ ቅሬታ ይቀበለዋል። ስልክ መክፈት ግን ከዚህ እጅግ የራቀ ድርጊት ነው። በአንድ ስልክ ውስጥ የባለቤቱ ሕመም፣ ዕዳ፣ የቤተሰብ ጠብ፣ የልጆች ፎቶ፣ የባንክ መልእክትና የብዙ ዓመት ወዳጅነት ይገኛል። ከዚህም በላይ በዚያ ኬላ ያልነበሩ ሰዎች፣ ለምሳሌ ባለቤትዎ፣ ሳያውቁትና ሳይጠየቁ አብረው ተፈትሸዋል። የ1954 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ ቤት የሚበረበረው በመርሕ ደረጃ በፍርድ ቤት ማዘዣ እንዲሆን፣ ፍርድ ቤቱ ለይቶ ካላዘዘ በቀር ብርበራው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ብቻ እንዲካሄድ፣ የሚፈለገውም ነገር ተለይቶ እንዲታወቅ ያዛል። ያ ሕግ ሲወጣ የእጅ ስልክ አልነበረም፤ ሆኖም ለአንድ ክፍል ቤት ማዘዣ የሚጠይቅ ሕግ ባለበት አገር ከቤቱ ሁሉ የበለጠ ምሥጢር የያዘውን ስልክ በቃል ትእዛዝ ብቻ መክፈት ከሕጉ መንፈስ ጋር አይጣጣምም ብለን እናምናለን። በአንድ አውቶቡስ የተሳፈሩትን ሁሉ ያለ ምንም የተለየ ጥርጣሬ በጅምላ መፈተሽም እንዲሁ።

የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ ግን ይህን ይለውጠዋል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተፈጠረውን ግጭት ተከትሎ የታወጀው አዋጅ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ መፈተሽንና መያዝን ፈቅዶ ነበር። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 በማናቸውም ጊዜ እንዳይነኩ ከዘረዘራቸው ድንጋጌዎች መካከል አንቀጽ 26 ስለሌለ፣ በአስቸኳይ ጊዜ የግል ሕይወት መብት ሊታገድ ይችላል። ያ አዋጅ ለአራት ወራት ተራዝሞ በ2016 ዓ.ም. የጊዜ ገደቡ አብቅቷል። እኛን የሚያሳስበን አዋጁ ካበቃ በኋላ አሠራሩ አብሮት አለማብቃቱ ነው፤ አንድ ጊዜ የተለመደ ፍተሻ የሕግ መሠረቱ ቢነሣም በልማድ ብቻ ሊቀጥል ይችላል።

«እምቢ ብልስ» ላሉት፣ የታጠቀ ሰው ባለበት ኬላ ላይ ብቻዎን እንዲከራከሩ አንመክርዎትም፤ ሕይወትዎ ከስልክዎ ይበልጣል። በእርጋታ «ማዘዣ አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅ ግን ወንጀል አይደለም። ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በማስታወሻ ይያዙ፤ ከእርስዎ ጋር የነበሩ ተሳፋሪዎች ፈቃደኛ ከሆኑም ምስክርነታቸው ይጠቅማል። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን ወይም ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የሚቀርብ አቤቱታ ወዲያው መፍትሔ ባያስገኝም እንኳ ድርጊቱ ተመዝግቦ እንዲቀመጥ ያደርጋል።

ጥያቄ፦ በመምህርነት አገልግዬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ልጆቼ ስለ ስለላ ሲጨነቁ እሰማቸዋለሁ፤ እኔ ግን አይገባኝም። የሚደብቀው የሌለው ሰው ምን ያስፈራዋል? በከተማችን ሰው እየታገተ ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ በሚከፍልበት ዘመን መንግሥት አጋቾችን ለመያዝ ስልክ ቢከታተል ክፋቱ ምን ላይ ነው? (ከአራዳ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ አባታችን፣ ስለ እገታው የጻፉት ትክክል ነው፤ ማንም ሊያቃልለው አይገባም። የታገተ ልጅ ያለው ቤተሰብ ገንዘብ የሚጠየቅበትን ስልክ ፖሊስ ተከታትሎ ቢደርስበት ደስታው የሁላችንም ነው። እንዲህ ያለው ክትትል የታወቀ ወንጀል፣ የተለየ ቁጥርና የተወሰነ ጊዜ አለው፤ ዳኛ ማስረጃውን አይቶ ሊፈቅደው ይችላል። የልጆችዎ ስጋት ከዚህ የተለየ ይመስለናል። እነርሱ የሚፈሩት ማን፣ ለምን፣ እስከ መቼ እንደሚከታተላቸው የማያውቁበትን፣ ስሕተት ቢፈጸምም ማንን እንደሚጠይቁ የማይታወቅበትን አሠራር ነው።

ስለ መደበቅ ላነሡት ግን ከእርስዎ አንለያይም ማለት አንችልም። እርስዎ ለነፍስ አባትዎ የሚናገሩት በሌላ ሰው ፊት የማይነገረው ወንጀል ስለሆነ አይደለም፤ ንስሐ የሚገባ ሰው የሚሰማው ሌላ ጆሮ እንዳለ ቢያውቅ ልቡን አይከፍትም። ሐኪም ፊትም፣ ጠበቃ ፊትም፣ ባልና ሚስት በጓዳቸው ሲመካከሩም እንዲሁ ነው። ሰው የግል ሥፍራ የሚያስፈልገው ሐሳቡን ለማብሰል፣ ለመሳሳትና ስሕተቱን ለማረም ነው።

ሌላው ነገር፣ ምን መደበቅ እንደሚገባው የሚወስኑት እርስዎ አለመሆንዎ ነው። እርስዎ ይህን ከእኛ የበለጠ ያውቁታል። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሲወረስ የተቋቋሙት የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት መጀመሪያ የቤት ኪራይ የሚሰበስቡ፣ የነዋሪውን ጉዳይ የሚያዩ ነበሩ። ከሁለት ዓመት በኋላ እነዚሁ ቀበሌዎች በያዙት የነዋሪዎች መዝገብ እየታገዘ የቤት ለቤት አሰሳ ተካሄደ፤ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ወጣቶች ከየቤታቸው ተለቅመው ተወሰዱ። መላኩ ተፈራ በበላይነት ባስተዳደረበት ዘመን ጎንደር ያየችውን መከራ በከተማዋ ከእርስዎ ትውልድ የማያስታውስ የለም። በ1966 ዓ.ም. አንድ ተማሪ በጥናት ቡድን መሳተፉ፣ በራሪ ወረቀት ማንበቡ ወይም የአንድ ሰው ጓደኛ መሆኑ ሊደበቅ የሚገባው ነገር አልነበረም። ሕጉና ገዥው ሲለወጡ ግን ያው ድርጊት ሞት አስፈረደ። መዝገቡ የተሠራበት ዓላማና መዝገቡ በመጨረሻ የዋለበት ዓላማ አንድ አልሆኑም። ዛሬ የሚሰበሰበው መረጃም ከሰበሰቡት ባለሥልጣናት የሥራ ዘመን በላይ ይቆያል፤ ነገ ማን እንደሚያነበው ዛሬ ፊርማውን የሚያኖረው ሹም ራሱ አያውቅም።

የሚታየው ጉዳት እስራት ብቻ ከሆነ ክትትሉ ብዙ ሰው የማይነካ ሊመስል ይችላል። ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው ግን ማንም በማይነካቸው ሰዎች ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2013 ለአሜሪካ የስለላ መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረው ኤድዋርድ ስኖውደን የአሜሪካ መንግሥት የሚያካሂደውን ሰፊ ክትትል ካጋለጠ በኋላ፣ ሰዎች በዊኪፒዲያ ላይ ከሽብርተኝነት ጋር የተያያዙ ጽሑፎችን ማንበባቸው መቀነሱን እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት አሳይቷል። ማንበቡን የከለከላቸው አልነበረም፤ ማንበብም ወንጀል አልነበረም። እንደሚታዩ ማሰባቸው ብቻ በቂ ሆነ። በእኛም አገር በአንድ ለአምስት አደረጃጀት ዘመን ጎረቤቱ ምን ሊያወራ እንደሚችል እያሰበ ቡና ላይ አፉን የሚለጉም ሰው ብዙ ነበር። ጆሮ ጠቢ በሠፈሩ መኖሩ እንኳ አስፈላጊ አይደለም፤ ይኖራል ተብሎ መታመኑ ይበቃል። ዝምታውም አስተዳዳሪውን ራሱን ይጎዳዋል፤ የውኃ እጥረቱን፣ የሹሙን በደል፣ የፍርዱን መጓተት የሚነግረው ዜጋ ያጣል። እርስዎ ያስተማሩት ተማሪ ያልገባውን እጁን አውጥቶ ካልጠየቀ ሊማር እንደማይችል ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለምና፣ ልጆችዎ የሚጨነቁት ስለሚደብቁት ነገር ሳይሆን ሳይፈሩ ስለ መጠየቅ እንደሆነ አስበው እንዲያነጋግሯቸው እንለምንዎታለን።

ጥያቄ፦ ልጄ አሜሪካ ነው የሚኖረው። ስንደዋወል ስለ አገሩ ሁኔታ ልነግረው ስጀምር «እማዬ፣ ይህን በስልክ አናውራ» ይለኛል። ስለ ጤናና ስለ ዝናብ አውርተን እንዘጋለን። አንዳንዴ በመሃል የሚንሿሿ ድምፅ እሰማለሁ። ስልኬ ተጠልፎ ይሆን? በምን አውቃለሁ? (ከጃን ተከል ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እናታችን፣ የሚንሿሿው ድምፅ የመጠለፍ ምልክት አይደለም፤ ብዙ ጊዜ የመስመር ችግር ነው። በቴሌ በኩል የሚደረግ ጠለፋ ለደዋዩ ምንም አያሰማም፤ ስለዚህ በጆሮዎ ለይተው ሊያውቁት አይችሉም። መገንዘብ የሚጠቅመው የሚጠለፈው ንግግሩ ብቻ አለመሆኑን ነው። ማን ለማን እንደደወለ፣ በስንት ሰዓት፣ ለምን ያህል ጊዜ፣ ስልኩ ከየትኛው ማማ ጋር እንደተገናኘ የሚያሳየው መዝገብ ማንም ንግግሩን ባይሰማም የሰውን ኑሮ ይገልጣል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አገልግሎት ሰጪዎች እንዲህ ያለውን የኮምፒውተር ግንኙነት መረጃ ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያስገድዳል። ግንኙነቱን በቀጥታ ለመጥለፍ የፍርድ ቤት ፈቃድ ይጠይቃል፤ አጣዳፊ ሲሆን ግን ያለ ማዘዣ ተጀምሮ ምክንያቱ በ48 ሰዓት ውስጥ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት እንዲቀርብ ይፈቅዳል። እኛ ይህን አንቀጽ የምንተቸው ለአጣዳፊ ጊዜ ቦታ ስለሰጠ አይደለም፤ የተጠለፈው ሰው ምርመራው ካለቀ በኋላ እንኳ እንዲያውቅ ስለማያደርግ ነው። ያላወቀ ሰው አቤት ሊል አይችልም።

ልጅዎ ያለ ምክንያት አይፈራም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የምርምር ተቋም የሆነው ሲቲዝን ላብ እ.ኤ.አ. በ2014 የኢሳት ጋዜጠኞች ሀኪንግ ቲም ከተባለ የኢጣሊያ ኩባንያ በተሸጠ የስለላ ሶፍትዌር ኢላማ መደረጋቸውን፣ በ2017 ደግሞ ሳይበርቢት የተባለ የእስራኤል ኩባንያ ሶፍትዌር በውጭ በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ላይ መዋሉን ዘግቧል። በአሜሪካ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ኮምፒውተሩ በዚህ ዓይነት መንገድ ተሰልሏል ብሎ የኢትዮጵያን መንግሥት ቢከስስም፣ የዋሽንግተን ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2017 በውጭ መንግሥት ያለመከሰስ መብት ምክንያት ክሱን ዘግቶታል። ባሕር ማዶ መኖር ብቻውን ከክትትል አያስጥልም ማለት ነው።

በቫትስአፕና በሲግናል የሚደረግ ንግግር ከሁለቱ ተነጋጋሪዎች በቀር ሌላ ሰው ሊያነበው በማይችልበት መንገድ ተመስጥሮ ይጓዛል። በቴሌግራም የምንጽፈው ተራ መልእክት ግን እስከ ዳር ድረስ የተመሰጠረ አይደለም፤ «ምሥጢራዊ ውይይት» የሚባለውን ለይቶ መክፈት ያስፈልጋል። አብዛኛው ሰው ይህን ስለማያውቅ ቴሌግራምን ከሁሉ የሚጠብቅ አድርጎ ይይዘዋል። ስልኩ ራሱ በስለላ ሶፍትዌር ከተያዘ ወይም በኬላ ላይ ከተከፈተ ግን የትኛውም መተግበሪያ አያድንም።

እዚህ ላይ የጎንደር ሰው በቅርቡ ያለፈበትን ማንሣት ግድ ይለናል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. አንሥቶ አንድ ዓመት ለሚሆን ጊዜ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። ስለ መቋረጡ ሲነገር የሚነሣው የንግዱና የትምህርቱ ጉዳት ነው፤ ያም እውነት ነው። ብዙ ያልተባለለት ግን ኢንተርኔት ሲጠፋ የተመሰጠረው መንገድ ሁሉ አብሮ መዘጋቱ ነው። ለእናትና ለልጅ የቀረላቸው ተራ ስልክና አጭር መልእክት፣ ማለትም ለመጠለፍ ከሁሉ የቀለለው መንገድ ብቻ ነበር። እርስዎና ልጅዎ ስለ ዝናብ ብቻ ማውራት የለመዳችሁት በዚያን ጊዜ ከሆነ አይገርመንም። አሁን መስመሩ ባለበት ጊዜ ልጅዎ ከተመሰጠሩት መተግበሪያዎች አንዱን እንዲጭንልዎ ያድርጉ፤ የጎረቤት ልጅም ቢሆን በደቂቃዎች ያሳይዎታል።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ለፋይዳ መታወቂያ የአሥሩን ጣቴን አሻራ፣ የዓይኔን ብሌንና ፎቶዬን ሰጥቻለሁ። ባንኩም፣ ሌላውም ቢሮ አሁን ይህን ቁጥር ይጠይቃል። ይህ የክትትል መሣሪያ ነው ወይስ ተራ መታወቂያ? (ከማራኪ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ፋይዳ በዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመ መታወቂያ ነው፤ ጥቅሙን አንክድም። የቀበሌ መታወቂያ ብሔር እየጻፈ ሰውን ለአደጋ ሲያጋልጥ ለኖረበት አገር ብሔር የማይጻፍበት መታወቂያ ትልቅ ነገር ነው። የሚያሳስበው ካርዱ ሳይሆን ቁጥሩ ነው። ያው አንድ ቁጥር የባንክ ሒሳብን፣ የሲም ካርድን፣ የግብርንና የሆስፒታል መዝገብን ካያያዘ፣ ቀድሞ በየመሥሪያ ቤቱ ተበትኖ የነበረው መረጃ በአንድ ፍለጋ የሚገኝ ይሆናል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይለወጣል፤ የጣት አሻራ ግን አይለወጥም።

ሌሎች አገሮች በዚህ አልፈዋል። የሕንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2018 የአገሪቱን የአሻራ መታወቂያ ለመንግሥት ድጎማ ሲፈቅድ የግል ኩባንያዎች እንዳያስገድዱበት ከለከለ። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ2021 «ሁዱማ ናምባ» የተባለው የዲጂታል መታወቂያ ዕቅድ በግል መረጃ ላይ የሚያስከትለው አደጋ አስቀድሞ ሳይጠና በመጀመሩ ሕገ ወጥ ነው አለ። በእኛ አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጸደቀው በ2016 ዓ.ም.፣ ምዝገባው ከተጀመረ በኋላ ነው። አዋጁ የያዙትን መረጃ ለማየት፣ ለማሳረምና በተወሰነ ሁኔታ ለማስጠፋት መብት ይሰጥዎታል፤ የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ዋናው የመረጃ ሰብሳቢ መንግሥት በሆነበት ሁኔታ ተቆጣጣሪውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት መሆኑ ድክመት ነው እንላለን። እስከዚያው መብቱን ይጠቀሙበት፦ ቁጥርዎን የሚጠይቅ ቢሮ ሁሉ ለምን እንደሚፈልገው፣ ከማን ጋር እንደሚጋራው በጽሑፍ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ገበያ አካባቢ ሱቅ አለኝ። ሌባ ስላስቸገረኝ ካሜራ አስተከልኩ። አንድ ቀን የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ ያለ ሰው መጥቶ የሦስት ቀን ቅጂ ስጠኝ አለኝ። ወረቀት አልያዘም። ፈርቼ ሰጠሁት። ሌላ ጊዜ ምን ላድርግ? (ከዞብል ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ካሜራዎ የሚቀርጸው ሌባውን ብቻ አይደለም፤ በደጅዎ የሚያልፈውን ምእመን፣ ተማሪና ደንበኛ ሁሉ ነው፤ ስለዚህ እርስዎም የሰው መረጃ ያዥ ሆነዋል። ሌላ ጊዜ የሚመጣውን ሰው መታወቂያውን ያሳይዎት ዘንድ፣ ከዚያም የፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ቢያንስ ማኅተም ያለበት፣ የምርመራ መዝገብ ቁጥር የተጠቀሰበት ደብዳቤ እንዲያመጣ በትሕትና ይጠይቁት። እውነተኛ መርማሪ ይህን ማምጣት አይከብደውም፤ በሕገ ወጥ መንገድ የተገኘ ማስረጃ በችሎት ክርክር እንደሚያስነሣበትም ያውቃል። ሲያስረክቡ ጉዳዩ የሚመለከተውን ሰዓት ብቻ እንጂ ሦስቱንም ቀን አይስጡ፤ የተረከበውን ሰው በሁለት ቅጂ አስፈርመው አንዱን ያስቀምጡ። ካሜራው አሮጌውን ቅጂ በጥቂት ቀናት ውስጥ ራሱ እንዲያጠፋ ማስተካከልም ይቻላል፤ የተከለልዎት ባለሙያ ይህን ያውቃል። አቅጣጫውን ወደ መደርደሪያዎና ወደ በርዎ ቢያዞሩት፣ መንገዱን እንዳያይ ቢያደርጉት ደግሞ ሌባውን ለመያዝ ምንም አይጎድልብዎትም።